ጭንብል ያላጠለቁት ሰዎች

ሂስ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ልቦለድ፣ የግጥም መድበል ወይም መድረክ ላይ የዋለ ቲያትር ነው። በዚህ ወር ግን ሂሴ የሚያርፈው ደራሲው ስሙን ባላኖረበት፣ በመጻሕፍት መደብር በማይገኝ፣ ከመቶ ቃል በማይበልጥ ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፉ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ ዎልተንና ኦኮኒ የሚባሉት ሁለት የገጠር አውራጃዎች በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ በአውራ ጎዳና ዳር ቆሟል። ያቆሙት የጆርጂያ ታሪክ ማኅበርና በ1997 የተቋቋመው የሙርስ ፎርድ መታሰቢያ ኮሚቴ ናቸው፤ ዘመኑም የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሌዳው በእንግሊዝኛ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ 2.4 ማይል፣ ማለትም አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአፓላቺ ወንዝ ላይ ባለው የሙርስ ፎርድ ድልድይ፣ ጆርጅና ሜይ መሪ ዶርሲ፣ ሮጀርና ዶሮቲ ዶርሲ ማልኮም የተባሉ አራት ጥቁር አሜሪካውያን ጭንብል ባላጠለቀ መንጋ በጭካኔ ተደብድበው በጥይት ተገደሉ፤ ዶሮቲ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች ይባላል፤ ግድያው የመጣው ሮጀር ከአንድ የአካባቢው ነጭ ገበሬ ጋር የገጠመውን ጭቅጭቅ ተከትሎ ነው፤ እነዚህ ያልተፈቱ ግድያዎች ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሲቪል መብት ሕግ ቆርጠው እንዲነሡም ሆነ ከዚያ ወዲያ ለመጣው የሲቪል መብት ንቅናቄ ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። አለቀ።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላስቀድም። ይህ ሰሌዳ በጆርጂያ መንገዶች ዳር ለእንዲህ ያለ ግድያ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያ ግዛት የመንገድ ዳር ሰሌዳ የሚባለው ነገር ለረጅም ጊዜ የጄኔራሎች ንብረት ነበር፤ በ1950ዎቹ ከቆሙት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የሚተርኩት በእርስ በርሱ ጦርነት የትኛው ክፍለ ጦር በየትኛው መንታ መንገድ እንዳለፈ ነው። በዚህ መካከል አራት የእርሻ ሠራተኞችን በሙሉ ስማቸው መጥራት ቀላል ድፍረት አልነበረም። «ይባላል» የምትለዋንም ቃል እወዳታለሁ። በሐዘን ላይ ያለ ጸሐፊ አንባቢውን ለማስለቀስ ሲል ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መጻፍ ይቀናዋል፤ የሰሌዳው ጸሐፊ ይህን አላደረገም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ነገሩ ልግባ። ሐሙስ ጁላይ 25 ቀን 1946 (ሐምሌ 18 ቀን 1938 ዓ.ም.) ከሰዓት በኋላ ምን ሆነ? ሮጀር ማልኮም በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ባርኔት ሄስተር የተባለውን ነጭ ገበሬ በቢላ ወግቶ በዎልተን አውራጃ ዋና ከተማ በሞንሮ ታስሮ ነበር። ሄስተር ከቁስሉ ተርፏል። በአሥራ አንደኛው ቀን ሎይ ሃሪሰን የሚባል የኦኮኒ ባለመሬት 600 ዶላር ዋስትና አስይዞ ሮጀርን አስፈታውና መኪናው ውስጥ አስገባው። አብረውት የነበሩት ሚስቱ ዶሮቲ፣ የዶሮቲ ወንድም ጆርጅ ዶርሲና የጆርጅ ሚስት ሜይ መሪ ናቸው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መሣሪያ የያዙ ነጮች መንገዱን ዘግተው ጠበቋቸው። ሃሪሰን አንድም ነገር አልሆነም። ከገዳዮቹም አንዱንም እንደማያውቅ ለመርማሪዎች ቃሉን ሰጠ።

እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ያለውን ምርጥ ቃል ልንጠይቀው ነው፤ «ጭንብል ያላጠለቀ» የሚለውን። ይህ ቃል በጆርጂያ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ካባና ሾጣጣ ቆብ የሚያጠልቀውን ኩ ክላክስ ክላን ማስታወስ ይበቃል። ጭንብል የሚያጠልቅ ሰው፣ ክፉም ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ነገር ይፈራል፤ መታወቅን። በሙርስ ፎርድ የቆሙት ሰዎች በብርሃን፣ በገጠር፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት አገር ፊታቸውን ገልጠው መጡ። እንደማይጠየቁ እርግጠኞች ነበሩ ማለት ነው። አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ትናገራለች። ደራሲ ብሆን በቅናት የምመለከታት ቃል ናት።

ግን ከሦስት መስመር በታች ያው ጸሐፊ «ያልተፈቱ ግድያዎች» ይለናል። ፊቱን ገልጦ የመጣ ሰው ያደረገው ነገር እንዴት ነው «ያልተፈታ» የሚሆነው? ያልተፈታ የሚባለው ቋጠሮ ነው፤ እንቆቅልሽ ነው። በእኛ ጨዋታ እንቆቅልሹ ያቃተው ልጅ አገር ይሰጣል። እዚያ ግን አገሩ ራሱ መልሱን ይዞ ዝም አለ። ኤፍ ቢ አይ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋግሯል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር በአቴንስ ከተማ የተሰየመው የፌዴራል ግራንድ ጁሪ፣ ይኸውም ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ማስረጃ መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው የዜጎች ሸንጎ፣ ከመቶ በላይ ምስክሮችን ሰምቷል። በግድያው ግን ማንም አልተከሰሰም። ይህን «ያልተፈታ» ማለት ዝምታን እንደ ምሥጢር፣ እምቢታን እንደ አለማወቅ አድርጎ መጻፍ ነው።

«መንጋ» የሚለውም ያሳስበኛል። በእርግጥ ይህ የትርጉም ጣጣዬ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከብትን አያስታውስም። ቢሆንም ሁለቱም ቃላት የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። መንጋ ስም የለውም፤ መንጋ አይከሰስም፤ መንጋ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን አይስምም። የግድያውን ዓይነት ስም ራሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ዛሬ ዛሬ «የደቦ ፍርድ» የሚሉ አሉ። ደቦ የጎረቤት እህል የሚታጨድበት የመልካም ሰዎች ማኅበር ነው፤ ስሙን ለዚህ ማዋስ በደል ነው። ፍርድ ደግሞ በዚያ ድልድይ ላይ ጭራሽ አልነበረም። እኔ እንደ ባዕድ ቃልነቱ «ሊንቺንግ» ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ደካማው ዓረፍተ ነገር እንምጣ፤ ወደ «ጭቅጭቅ»። ሮጀር ማልኮም የተጨቃጨቀ ብቻ አይደለም፤ በቢላ ወግቷል። ሰሌዳውን የጻፉት ሰዎች ቢላውን ለምን ደበቁት? በክፋት አይመስለኝም፤ በርኅራኄ ነው። ሟቾቹ አንዳች እንከን ከተገኘባቸው አላፊ አግዳሚው «እንግዲያውማ!» ብሎ እንዳያልፍ ሰግተው ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ርኅራኄ ግን አደገኛ ነው። ለሐዘን ብቁ የሚሆነው ንጹሕ ሰው ብቻ ነው የሚለውን የገዳዮቹን ሐሳብ ሳያውቅ ይቀበላል። ሰውን የወጋ ሰው ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ መብቱም ግዴታውም ይኸው ነው። ሰሌዳው ቢላውን ቢጽፈው ኖሮ አንባቢው በትክክል ምን እንደተነጠቀ ያውቅ ነበር። የተነጠቀው ችሎት ነው። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ማንንም አልወጉም።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ከሰፈረው ይልቅ የሚከነክነኝ ግን ያልሰፈረው ነው። ጆርጅ ዶርሲ ወታደር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ግንባር አገልግሎ ከተመለሰ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1999 በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት መታሰቢያ ተደርጎለታል። ሰሌዳው ይህን አይነግረንም። የሚገርመው፣ ሰሌዳው የቆመበት ከሞንሮ ወደ አቴንስ የሚወስደው መንገድ በሞይና ማይክል ስም የተሰየመ ነው። ሞይና ማይክል የዎልተን አውራጃ ተወላጅ አስተማሪ ነበረች፤ በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀይ የፖፒ አበባ በደረት ላይ የማድረግን ሐሳብ በ1918 ያመጣች ሴት ናት። ወታደርን አትርሱ ባለች ሴት ስም በተጠራ መንገድ ዳር ወታደሩ ወታደርነቱ ተረሳ። ይህን ለማስተካከል አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ነገሩ ለትረካውም ይጠቅም ነበር። ትሩማን የተጠሩት የነገሩን ክብደት ለማሳየት ነው። እውነት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በዲሴምበር 1946 የሲቪል መብት ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ጁላይ 26 ቀን 1948፣ ግድያው ሁለት ዓመት በሞላው ማግሥት፣ በጦር ኃይሉ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር አዝዘዋል። ትሩማንን ካናወጧቸው ነገሮች ዋናው ደግሞ ከጦር ሜዳ በተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ላይ የሚደርሰው ግፍ ነበር። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ በደቡብ ካሮላይና ባትስበርግ ከተማ፣ አይዛክ ዉዳርድ የሚባል ወታደር ከሠራዊቱ በተሰናበተበት ዕለት የከተማው የፖሊስ አዛዥ ደብድቦ ሁለት ዓይኖቹን አጥፍቶታል። ስለዚህ ትሩማንን ጠርቶ ወታደሩን መተው ውጤቱን ጽፎ ምክንያቱን እንደ መሰረዝ ነው። ለዉዳርድ በ2019 በዚያች ከተማ የቆመው ሰሌዳ ከግርጌው በብሬል ተጽፏል። ዓይኑ ለጠፋ ሰው በጣት የሚነበብ ሰሌዳ! የሙርስ ፎርድን ሰሌዳ የጻፉ ሰዎች እንዲህ ያለ አስተዋይነት ቢኖራቸው ብዬ ተመኝቻለሁ።

ሰሌዳውን ማን ያነበዋል? ይህም ከሂስ ውጭ አይደለም። መንገዱ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ቁጥር 78 ነው። በአትላንታ በኩል የሚጀምረው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከክላርክስተንና ከስቶን ማውንቴን አጠገብ ነው። በስቶን ማውንቴን፣ ኩ ክላክስ ክላን በ1915 ዳግም በተወለደበት በዚያ ተራራ ገጽ ላይ፣ ለባርነት የተዋጋው ወገን ሦስት መሪዎች ከነፈረሶቻቸው ተቀርጸው ይታያሉ፤ ቅርጹ የተጠናቀቀው በ1972 ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጉዞ ደግሞ የእኛ ሰሌዳ፣ በምሰሶ ላይ፣ ከመኪና መስኮት ቁመት ብዙም ሳይበልጥ። መኪናውን የሚነዳልኝ የአክስቴ ልጅ ለሥራ ወደ አቴንስ ሲመላለስ ዓመታት አስቆጥሯል። ቁም ብዬው ወርደን ሲያነበው፣ «እኔ እኮ ሁልጊዜ የጦርነት ታሪክ እየመሰለኝ ነው የማልፈው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከኋላው ያሉት ሰሌዳዎች ሁሉ ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ወደ ድልድዩም ወረድን። አሁን ያለው ኮንክሪት ነው፤ የዚያን ጊዜው አይደለም። ወንዙ የሁለቱ አውራጃዎች ወሰን ነው። እስር ቤቱ በአንደኛው፣ የሃሪሰን እርሻ በሌላኛው አውራጃ ነበሩ። ወሰን ላይ የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን ቀላል ነው፤ እኛም አገር በሁለት ወረዳ መካከል ሬሳ ሲገኝ የአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው እንደሚጠቁም እናውቃለን። ሰሌዳው ከዚህ ቦታ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ መቆሙን አልነቅፍም፤ አውራ ጎዳናው ላይ አንባቢ አለ፣ እዚህ የለም። ብቻ ሰሌዳው «ወሰን» የሚለውን ቃል አለመጠቀሙ ገርሞኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ሴቶች አንድ ነገር ልበል። ሃሪሰን እንደተናገረው መጀመሪያ ከመኪናው የወረዱት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ከሴቶቹ አንዷ ከገዳዮቹ መካከል የምታውቀውን ሰው በስሙ ጠራችው። ያኔ ሴቶቹም ወረዱ። ቃሉ የሃሪሰን ነውና እንደ ምስክርነቱ መጠን ይወሰድ። እውነት ከሆነ ግን ሴቶቹን ያስገደለው ስም መጥራት ነው። ጭንብል ያላጠለቀው ፊት ስም ሲወጣለት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ሰሌዳው ግን ይህን ትቶታል።

በዚያው በጆርጂያ፣ በስተደቡብ ጫፍ፣ እንዲሁ በሁለት አውራጃዎች ወሰን፣ እንዲሁ በድልድይ አጠገብ፣ ሌላ ሰሌዳ ነበር። አውራጃዎቹ ብሩክስና ላውንድስ፣ ወንዙ ሊትል ሪቨር ይባላሉ። በሜይ 1918 ሃምፕተን ስሚዝ የተባለ ነጭ ባለ እርሻ አንድ ጥቁር ሠራተኛው ከገደለው በኋላ በቀናት ውስጥ ቢያንስ አሥራ አንድ ጥቁሮች ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ ሄይስ ተርነር ነበር። ሚስቱ ሜሪ ተርነር፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር፣ የባሏን ገዳዮች ስም ብታውቅ እንደምትከስሳቸው በአደባባይ ተናገረች። በማግሥቱ፣ ሜይ 19 ቀን፣ በዚያ ወንዝ አጠገብ ገደሏት። አገዳደሏን እዚህ አልዘረዝርም። ዋልተር ኋይት የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ሠራተኛ፣ መልኩ ነጭ ስለሚያስመስለው ከነጮቹ መካከል ገብቶ ጠይቆ፣ የተጠርጣሪዎቹን ስም ለግዛቲቱ ገዥ አቀረበ። ምንም አልሆነም። በ1919 ቀራፂዋ ሜታ ዎሪክ ፉለር የሜሪ ተርነርን ምስል በጄሶ ሠራች። አንባቢዎቻችን ስሟን የሚያውቋት ካሉ በሌላው ሥራዋ ይሆናል፤ ከመግነዝ የምትነቃውን ሴት ቀርፃ «ኢትዮጵያ» ያለቻት እርሷ ናት።

በ2010 የቆመው የሜሪ ተርነር ሰሌዳ «ያልተፈታ» አይልም። የሚለው፣ ተሳታፊ መሆናቸው በታወቁም ሆነ በተጠረጠሩ ሰዎች ላይ ፈጽሞ ክስ አልቀረበም ነው። በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ያለፉት አሥር ምናምን ዓመታት ያመጡት ለውጥ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእኔም ትልቅ ለውጥ ነው። የመጀመሪያው ዕውቀት እንደጎደለ ይናገራል፤ ሁለተኛው ፈቃድ እንደጎደለ። ይህን የተናገረውን ሰሌዳ ደጋግመው በጥይት በሱት፤ በ2020 ከቦታው ተነሣ። በዚያ አገር ሰሌዳ ላይ መተኮስ የገጠር ጎረምሶች ጨዋታ ነው የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይሁን። ጎረምሳ እንኳ ዒላማ ሲመርጥ ያነባል።

ታዲያ የገዳዮቹ ስም በብረት ይጻፍ ማለቴ ነው? አይደለም። ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው በሰሌዳ ላይ መስቀል ያንኑ ያለ ችሎት የሚሰጥ ፍርድ መድገም ነው። የምጠይቀው ስሙ የት እንዳለና ማን እንደዘጋበት እንዲጻፍ ነው። የሙርስ ፎርድ ስሞች ወረቀት ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የታሪክ ጸሐፊው አንተኒ ፒች የ1946ቱ ግራንድ ጁሪ ምስክርነት እንዲገለጥ ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ በ2017 አንድ ዳኛ ይገለጥ አሉ፤ በ2019 ይግባኝ ሰሚው ችሎት በሁለት ድምፅ ለአንድ አጸናው፤ ፒች በዚያው ዓመት ሞተ። በማርች 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ሁሉ ተሰብስበው፣ 8 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የግራንድ ጁሪ ምሥጢር በሕግ ከተዘረዘረው ውጭ አይገለጥም ብለው ሻሩት። የጆርጂያ መርማሪዎች ደግሞ ፋይሉን በ2018 ዘግተዋል።

ሰሌዳው ዳግም የሚጻፍ ከሆነ እንዲህ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሰው ጋር ተጣልቶ በቢላ ወግቶ ታስሮ በዋስ የተፈታው ሮጀር ማልኮም፣ ሚስቱ ዶሮቲ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወንድሟ ጆርጅ ዶርሲና ሚስቱ ሜይ መሪ፣ ጁላይ 25 ቀን 1946 በሁለቱ አውራጃዎች ወሰን ላይ ፊታቸውን ባልሸፈኑ ሰዎች ተገደሉ፤ ከመቶ በላይ ምስክሮች ቃላቸውን ሰጡ፤ በግድያው ማንም አልተከሰሰም፤ የምስክሮቹ ቃል እንዳይገለጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 ወሰነ።

በብረቱ ላይ ይህ ሁሉ አይበቃም፣ ቦታ ይጠብባል የሚል ካለ፣ ትሩማንን ያውጡልኝ።